ለአውበሬ ጉድጓድ የተጻፉ ቁጥሮች

ጅጅጋ፣ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ለተሥላሴ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥሽ። እኔ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽንና የፓምፑን ፕሮግራም ቁጥሮች የጻፍሽበትን ቺፕ ሾፌሩ ሱጉሌ ትናንት አስረከበኝ። ‹‹ከ412ኛው ቁጥር በኋላ መመለሻ የረሱ መሰለኝ፤ ጨምሬልዎታለሁ›› ብለሻል። አልረሳሁም። ሆን ብዬ የተውሁትን ነው የጨመርሽው።

ፓምፑን የሚያዝዘው ማሽን ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል። አንዱን ሥራ ሲጨርስ ‹‹ወደ ጠራህ ተመለስ›› የሚል ቁጥር ካላገኘ ቀጥሎ ያለውን ማንበቡን ይቀጥላል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ፓምፑ በቆመ ቁጥር ቀይ መብራት መብራት አለበት። ስለዚህ ማብራቱን ከማቆሙ ሥር አስቀመጥሁት፤ አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይፈስሳል። ባይት ማለት አንድ ቁጥር ነው፤ ለመጥራት ሦስት ባይት፣ ለመመለስ አንድ ባይት፣ በድምሩ አራት ተረፈኝ። አንቺ አንዲት ቁጥር ስትጨምሪ ከእርሷ በታች ያሉት 606 ቁጥሮች በሙሉ አንድ አንድ ቦታ ተገፉ። ወደ 700ኛው ሂድ የተባለው ማሽን እዚያ 699ኛውን አገኘ። ሱቄ ውስጥ በባልዲ ውሃና በአምፖል ስፈትነው ባዶ ባልዲ ላይ ፓምፑን አስነሳ።

ይህ የሆነው በጠረጴዛዬ ላይ መሆኑ በጀን። አውበሬ መጠለያ ያለው አንድ ጉድጓድና አንድ ሞተር ነው። ከሐርጌሳ በኩል የሸሸ አሥር ሺህ ሰው ከዚያው ይጠጣል። ሞተሩ ያለ ውሃ ከዞረ ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ሌላ የለም። ማሽኑ ያለበት ሳጥን የተሠራው ይህ እንዳይሆን ነው።

ማን እንደሆንሁ ጠይቀሻል። በ1947 ዓ.ም. በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ጅጅጋ ተመደብሁ። በጦርነቱ ጊዜ ጥቂት ወራት ሐረር ከመቆየቴ በቀር ከዚህ አልወጣሁም። ዕድሜዬ ስልሳ ሰባት ነው፤ አሁን ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሳጥኑን የራሱ ፕሮግራም ተበላሽቶ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ አገኘሁት። ቋንቋውን ከእርሱ ጋር ከመጣው መጽሐፍና ከአንድ መዝገበ ቃላት በሦስት ዓመት ተማርሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ስሳሳት የማሳብበው የለኝም።

ቺፑ የሚይዘው 1024 ባይት ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቁጥር አይገባበትም። የእኔ ፕሮግራም 1018 ነው። ስድስት ቀርታኛለች። እንግዲህ አንቺ በቸርነት የምትጨምሪው ቦታ የለም።

ማሽኑ የሚቆጥረው በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት አሃዝ ነው፤ ከዘጠኝ በላይ ላሉት ስድስት አሃዞች መጽሐፉ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጠቀማል። እኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ እያልሁ እጽፋለሁ። ‹‹ቢቀይሩልኝ›› ብለሻል። አልቀይርም። ሠንጠረዡን በየገጹ ራስጌ ጽፌልሻለሁ።

ቺፑን አጥፍተሽ ወረቀቱ ላይ እንዳለው አድርገሽ ጻፊው። አንቱ ስላላልሁሽ አትቀየሚ፤ በዕድሜ ልጄ ትሆኛለሽ።

መርሻ የሺጥላ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 23 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርሻ የሺጥላ
ጅጅጋ

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራዎ፣ ጎረቤቱ፣ የጅጅጋ አየር እንዴት ነው? ብርዱስ? እዚህ ኅዳር ክፉኛ ገብቷል። እኔ፣ እናቴና ወንድሞቼ በጣም ደኅና ነን። እናቴ ስለ እርስዎ ስነግራት ‹‹ሰላም በይልኝ፤ ሽማግሌ ሰው አትከራከሪ›› ብላለች።

ጋሽ መርሻ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁጥር ገልባጭ ብቻ እንዳልሆንኩ ላሳይዎ ብዬ ነው የነካካሁት። አሁን ቺፑን ማጥፊያው ብርሃን ሥር አቆይቼ በአዲስ ጽፌዋለሁ። ከወረቀትዎ ጋር ሦስት ጊዜ አነጻጽሬዋለሁ። ሀ፣ ለ፣ ሐዎንም ለምጄዋለሁ፤ ትናንት ለመሥሪያ ቤቱ በጻፍኩት ወረቀት ላይ ሳላስበው ተጠቅሜባቸው አለቃዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሱጉሌን በመንገድ አንድ ኬላ ላይ አስወርደውት ነበር። ወታደሩ ወረቀቶችዎን ገልጦ ‹‹ይህ የምን ምስጢር ነው?›› ሲለው፣ ‹‹ጌታዬ፣ ምስጢር ቢሆን ለኔ ይሰጡኝ ነበር? አንድ ሽማግሌ ከጉድጓድ ጋር የሚጻጻፉት ነው›› አለ አሉ። ግማሽ ቀን አቆይተው ለቀቁት። እባክዎ ከእንግዲህ በየገጹ ‹‹የውሃ ፓምፕ›› ብለው ይጻፉበት።

ባይጠይቁኝም፣ ባለ 2048 ባይት ቺፕ እንዳለ ግምጃ ቤት ጠይቄ ነበር። ከአዲሱ በጀት በፊት አይገኝም አሉኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጉድጓዱ ውሃ ሲያልቅበት ሳጥኑ አርባ ደቂቃ እንዲጠብቅ አድርገዋል። አርባው ከየት መጣ?

አክባሪዎ
ለተሥላሴ


ጅጅጋ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለለተሥላሴ

ጤና ይስጥሽ። ሰላምታሽ ከሥራው ጉዳይ ይበልጣል። እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ምክራቸው ጥሩ ነው።

አርባው ከመጽሐፉ ነው፤ ገጽ 52። የጻፈው ሰው አስቦበት ነው የጻፈው።

ቺፑ ትክክል ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን አውበሬ ወስጄ ሳጥኑን ተከልሁ። ውሃ መኖሩን የሚያሳውቀውን ሽቦም ራሴ ለክቼ ጉድጓዱ ውስጥ ሰቀልሁ። ውሃ ሲኖር አረንጓዴ በርቶ ፓምፑ ይሠራል። ውሃው ከሽቦው በታች ሲወርድ ቀዩ ይበራል፤ ሳጥኑ አርባ ደቂቃ ቆጥሮ እንደገና ይሞክራል። አምስት ቀን ተቀመጥሁ። አንድ ጊዜም አልተሳሳተም።

ተሳሳተ ያሉት እኔ ከሄድሁ በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄድሁ። የፓምፑ ጠባቂ ደሃቦ የምትባል ሴት ናት፤ ዕድሜዋ አርባ ግድም ይሆናል። አገሯ ሳለች በሞተር የሚጠጣ የሎሚ አትክልት ነበራት፤ አማርኛውን ከጅጅጋ ነጋዴዎች ለቅማዋለች። ዓይኔ እያየ ቀዩ ሲበራ ዋናውን ማጥፊያ ታጠፋለች፣ ትንሽ ቆይታ ታበራለች። ሳጥኑ ኃይል ሲቋረጥበት የቆጠረውን ይረሳል፤ እንደ አዲስ ተነሥቶ ፓምፑን ያስነሳል።

‹‹ይህን ለምን ታደርጊያለሽ?›› አልኋት።

‹‹ቀይ ሲሆን አጠፋለሁ። መልሼ አበራለሁ። አረንጓዴ ይሆናል።››

‹‹ቀይ ማለት ጠብቂ ማለት ነው!››

‹‹ጠብቄያለሁ እኮ አዴር። ሳጥንህ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛ ሲጠይቁት እሺ ይላል። አንተ ነህ አምስት ጊዜ ቢጠይቁህ እሺ የማትል።››

ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። አዴር አጎት ማለት ነው፤ በአጎትነቴ ግን ያከበረኝ አልነበረም። ሞተሩን በእጄ ነካሁት። ይፋጃል። ‹‹ይኸው፣ ልታቃጥዪው ነው›› ብላት፣ ‹‹ያንን ባዶ በርሜልም ንካው፤ ፀሐይ ነው›› አለችኝ። አልነካሁም። አንድ ሺህ አሥራ ስምንት ቁጥር የጻፍሁት ከሎሚ አትክልተኛ ጋር በርሜል ልነካካ አይደለም።

ስለዚህ የማጥፊያውን ሳጥን በጓጉንቸር ዘጋሁት። ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ለመጠለያው አስተዳደር ጽፌ አስፈረምሁ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ይህ መፍትሔ ስንት ባይት ፈጀ ብትዪኝ፣ ዜሮ።

መርሻ


አዲስ አበባ፣ ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጋሽ መርሻ

እንዴት ነዎት? ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ።

ጓጉንቸሩ ዜሮ ባይት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጓጉንቸሩ አውበሬ፣ ቁልፉ ጅጅጋ ነው። በመካከሉ ያለው መንገድ ስንት ባይት ይሆን?

የጻፉልኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። ሳጥኑ ትንሽ ባትሪ እንዳለው ከወረቀትዎ አይቻለሁ። ኃይል ሲቋረጥ ማስታወሻው አይጠፋም ማለት ነው። የሚጠፋው ፕሮግራሙ ሲነሳ ማስታወሻውን በሙሉ ዜሮ ስለሚያደርገው ነው። ያንን ትቶ፣ ‹‹ቆጠራ ላይ ነበርሁ?›› ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ቢደረግ፣ ሴትዮዋ መቶ ጊዜ ብታጠፋ ብታበራ አርባው ደቂቃ ይጠበቃል። ጓጉንቸሩም ይነሳል።

ቆጥሬዋለሁ፤ 21 ባይት ይጠይቃል። ባዶ ያለዎት ስድስት ነው። አሥራ አምስት ይጎድላል። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የራሱን ቁጥሮች ሁሉ ደምሮ ቺፑ አለመበላሸቱን የሚመረምርበት ክፍል አለ፤ 17 ባይት። ብዙ ሰው ይህን አይጽፍም። እሱን ቢያወጡት ይበቃል፤ ሁለትም ይተርፍዎታል።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ገጽ 52 ላይ ያለው ጉድጓድ የየት አገር ጉድጓድ ነው?

ለተሥላሴ


ጅጅጋ፣ ጥር 30 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለለተሥላሴ

ጤና ይስጥሽ።

የባትሪው ሐሳብሽ ትክክል ነው። ሳላስበው ቀድመሽኝ አስበሽዋል፤ ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ምርመራውን ግን አላወጣም። ብዙ ሰው የማይጽፈው ከሆነ ብዙ ሰው ተሳስቷል። ራሱን ሳይመረምር ሥራ የሚጀምር ነገር ከእጄ ወጥቶ አይሄድም። አሥራ አምስቱን ባይት ከሌላ ቦታ አመጣቸዋለሁ።

እንዴት እንደሚመጡ ልንገርሽ። ይኸው። ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ዘርግቼ በጉልበቴ እየሄድሁ አነባለሁ። ‹‹እገሌን ጥራ፣ ከዚያም ተመለስ›› የሚል ባገኘሁበት ሁሉ ‹‹ወደ እገሌ ሂድ›› ብቻ አደርገዋለሁ። እገሌ ራሱ ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ጠሪ ይመለሳልና እኔ መሐል ገብቼ ማስተላለፍ የለብኝም። እያንዳንዱ አንድ ባይት ያተርፋል። አራት ቦታ አገኘሁ፤ አራት ባይት።

የሩቅ መሄጃ ሦስት ባይት ነው፣ የቅርብ መሄጃ ሁለት። የቅርቡ ግን ወደ ኋላ ከ126 ቁጥር በላይ አይደርስም። የመብራቶቹን ክፍል አንሥቼ ወደ መሐል ባመጣው፣ ሩቅ የነበሩ አምስት ቦታዎች ቅርብ ሆኑ። አምስት ባይት። ቤት ውስጥ ዕቃ እንደማዘዋወር ነው። የጠበበው ቤቱ ሳይሆን አቀማመጡ ነበር።

የአረንጓዴውና የቀዩ ማብሪያ ሁለቱም በተመሳሳይ ስድስት ባይት ያልቃሉ። አንዱን ሰርዤ በሁለት ባይት ወደ ሌላው ላክሁት። አራት ተረፈ።

አራትና አምስት ዘጠኝ፤ አራት ሲጨመር አሥራ ሦስት። ሁለት ባይት ቀረችኝ። እንዲህ ስሠራ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። አንድ ነገር ስታወጪ ማሽኑ ያንኑ ሥራ ከሠራ፣ ያ ነገር መጀመሪያውኑ አላስፈለገም ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ አላስፈላጊውን ከአስፈላጊው የምለይበት ሌላ ቦታ የለኝም፤ በሰው መሐል ይህን ያህል ግልጽ አይደለም።

ጓጉንቸሩ ሁለቱ ባይት እስኪገኙ ይቆያል። ‹‹ለጊዜው ቁልፉን ለሴትዮዋ ቢሰጧት›› ትዪኝ ይሆናል። አልሰጥም። በየካቲት መጨረሻ የጣቢያ ሬዲዮ ለመጠገን በደምበል በኩል ወደ አይሻ እሄዳለሁ። ወረቀቶቹን ይዣቸው እሄዳለሁ።

ገጽ 52 የየት አገር እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም።

መርሻ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 1981 ዓ.ም.

ጋሽ መርሻ

ሱጉሌ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር። ደብዳቤ ይዘህልኛል ስለው የለም አለ። ስለ አውበሬ ስጠይቀው ግን ዓይኑን ሰበረ። ጥቂት ነገር ነገረኝ፤ ሌላውን ‹‹ሽማግሌው ይንገሩሽ›› አለኝ።

ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ አልጻፉልኝም። ሁለቱን ባይት አገኙ አላገኙ አልጠይቅዎም። ሰዎቹ ደኅና ናቸው?

ለተሥላሴ


ጅጅጋ፣ መጋቢት 19 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለለተሥላሴ

የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስ። ሰባት ልጆች ታመው ክሊኒክ ገብተው ነበር። ስድስቱ ድነው ወጥተዋል። ሰባተኛዋ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ እስካሁን እዚያው ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ሽቦውን የሰቀልሁት በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው፤ የመፀዉ ዝናብ ከቆመ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ከፍ ብሎ ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ጂላል ነው፤ ደረቁ ወቅት። ውሃው ከሽቦው ሦስት ሜትር ወርዶ ቆመ። የፓምፑ አፍ ከዚያም ስምንት ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃ ነበረ፤ ሳጥኑ ግን የለም አለ። አርባ ደቂቃ ቆጥሮ የለም፣ አርባ ደቂቃ ቆጥሮ የለም፤ ከየካቲት 20 እስከ 24 ቀን እንዲህ አለ። ማጥፊያው በጓጉንቸር ተዘግቷል። ቁልፉ አይሻ፣ የእኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ሰዉ ከብቱ ከሚጠጣው ኩሬ ቀዳ።

ሁለቱን ባይት አገኘኋቸው። የካቲት 22 ቀን፣ አይሻ ጣቢያ፣ ከሰዓት በኋላ። ደስ ብሎኝ ለጣቢያው ሰዎች ሻይ ጋበዝሁ። በዚያች ሰዓት አውበሬ ምን ይደረግ እንደነበር አሁን ታውቂያለሽ።

በአምስተኛው ቀን ደሃቦ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረችው። ሽቦዬን ከሳጥኑ ነቅላ ፓምፑን ቀጥታ አስነሳችው። ሞተሩ አልተቃጠለም።

አሁን ያልጻፍሁልሽን ልጻፍ። ከአይሻ ስመለስ ጓጉንቸሩ መሰበሩን ሰማሁ። አውበሬ ሄጄ ሳላይ፣ አንድም ሰው ሳልጠይቅ፣ እዚሁ ጅጅጋ ተቀምጬ ‹‹ጠባቂዋ የመንግሥትን ንብረት ሰብራለች፣ ሞተሩንም ለአደጋ አጋልጣለች›› የሚል ሪፖርት ጽፌ ፈረምሁ። በዚያ ሪፖርት ደሃቦ ከሥራዋ ታገደች። ሪፖርቱ ዘጠኝ መሥመር ነበር። አጭርና ግልጽ ነበር። ውሸት ነበር።

መጋቢት 14 ቀን ሄድሁ። ከታገደች ወዲህ በቦታዋ የተተካው ዘበኛ ይፈራል፤ በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ያስነሳዋል። ሰልፉ ከጉድጓዱ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ደሃቦ እዚያው ሰልፉ ውስጥ ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች።

‹‹ቁልፍህን አመጣህ?›› አለችኝ።

‹‹አመጣሁ።››

‹‹ዘገየህ አዴር። ድንጋይ ቀደመህ።››

ሴቶቹ በዚህኛው ቀን አልሳቁም። ሞተሩ ሳይቃጠል እንዴት እንደ ቆየ ጠየቅኋት። እጄን ይዛ ወደ ፓምፑ ወሰደችኝ፤ ዘበኛውም ቦታውን ለቀቀላት። ፓምፑ ሲሠራ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ታደርጋለች። ውሃ ሲጎድል ድምፁ ይቀጥናል፤ አየር ከመግባቱ በፊት ታጠፋዋለች። ከዚያ የጉድጓዱ አፍ ላይ ትንበረከካለች። ከጉድጓዱ ግድግዳ ውሃ እየተንጠባጠበ ሲወርድ ይሰማል ትላለች። ውሃው ወደ ላይ ሞልቶ ያንን ቦታ ሲሸፍነው ጠብታው ዝም ይላል። ያኔ ታስነሳዋለች።

‹‹በፊትም እንዲህ ነበር የምታደርጊው?›› አልኋት። ‹‹ታኅሣሥ ላይ፣ እያጠፋሽ ስታበሪ?››

‹‹ጠብቄያለሁ ብዬህ ነበር።››

ብላኝ ነበር። በደብዳቤም ለአንቺ ጽፌዋለሁ። ጽፌዋለሁ እንጂ አልሰማሁትም።

እኔም ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ በነጎድጓድ መሐል የቴሌግራፍ ነጥብ ከሰረዝ እለይ ነበር። ከጄኔሬተሩ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም። እሷ ሰማች። በሰዓቴ ያዝሁት፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ ጠበቀች። ሌላ ጊዜ ሃያ ዘጠኝ። ዝናብ ሲመጣ አሥር ይበቃዋል ትላለች። አርባ የሚባል ቁጥር በዚህ ጉድጓድ ውስጥ የለም።

ከመሄዴ በፊት በርሜሉን ነካሁት። ከሞተሩ እኩል ይፋጃል።

ስለዚህ አሥራ አምስቱን ባይት ሁሉ ተዪያቸው። አርባ ደቂቃውን፣ ቆጠራውን፣ ቆጠራውን የሚያስታውሰውንና የሚያጠፋውን በሙሉ አወጣሁ፤ 88 ባይት። በቦታው እንደ በር ደወል የሚጫን ቁልፍ ይገባል። ሽቦውን ወደ ፓምፑ አፍ አወርደዋለሁ፤ ሞተሩ በባዶ እንዳይዞር ያቆመዋል፤ ይህ የሳጥኑ ሥራ ነው። መቼ እንደሚነሳ ግን የእሷ ሥራ ነው። ይህ 17 ባይት ፈጀ። አዲሱ ፕሮግራም 947 ነው። ከወር በላይ በጉልበቴ የሄድሁት አሥራ አምስት ፍለጋ ነበር።

ሪፖርቴን የሚሽር ሌላ ሪፖርት ለአስተዳደሩ ጽፌያለሁ። የላክሁትን መልሼ ስውጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ‹‹አንዴ የፈረሙበትን እንዴት ይሽራሉ?›› አሉኝ። ደሃቦ ካልተመለሰች ሳጥኑን አልተክልም ብያለሁ። ‹‹እልከኛ ነዎት›› አሉ። ነኝ።

እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። አንቺ ከመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ብትጽፊ ይሰሙሻል። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ አልነግርሽም።

መርሻ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጋሽ መርሻ

ቺፑ ከዚህ ጋር ተልኳል። ገጹም አብሮ አለ፤ አለቃዬ ፈርሞበታል። ‹‹የጉድጓዱ አጠቃቀም በጠባቂዋ ልምድ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ቴክኒካዊ ምክንያት አለ›› ብያለሁ። አለቃዬ ‹‹ቴክኒካዊ ምክንያቱ ምንድን ነው?›› ሲለኝ ‹‹ጆሮዋ›› አልኩት። ስቆ ፈረመ።

ባዶ የቀሩትን 77 ባይት በምን እንደሞላኋቸው ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ምንም አላደረግኩባቸውም፤ ባዷቸውን ናቸው። ቀይ ሲበራ የሚሠራውን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። ድሮ ማሽኑ እዚያ ጋ ሲደርስ ይቆጥር፣ ያነጻጽር፣ ይጽፍ ነበር። አሁን ሦስት ትእዛዝ ላይ እየዞረ ‹‹ተጫነች? ተጫነች?›› እያለ ይጠብቃታል።

የራስ ምርመራውን እንዳላወጡት አይቻለሁ። ያኔ አውጡት ስላልኩ ይቅርታ።

ስለ ልጅቷ አልጻፉልኝም።

ለተሥላሴ


ጅጅጋ፣ ግንቦት 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለለተሥላሴ

እንዴት ከርመሻል? እናትሽና ወንድሞችሽ እንዴት ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ።

ልጅቷ ሚያዝያ 15 ቀን ከክሊኒክ ወጣች። ትሮጣለች፤ አይቻታለሁ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ደሃቦ ሚያዝያ 27 ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ገጽሽን ሦስት ሰዎች ተራ በተራ አነበቡት፤ የእኔን አልገለጡትም። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድሁ። የማውቀው ሶማልኛ ለሬዲዮ መሸጫ የሚሆን ነው፤ በአማርኛም ቢሆን አፌ እንቢ አለኝ። እሷ የሚጫነውን ቁልፍ የት እንደምተክለው ነው የጠየቀችኝ። እኔ ሳጥኑ ላይ አስቤ ነበር። ‹‹እዚህ›› ብላ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ ተንበርክካ እጇ የሚደርስበትን ቦታ አሳየችኝ። እዚያ ተከልሁት። ሽቦውን ለማስረዘም አንድ ቀን ተጨማሪ ፈጀ።

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞከረ። ዝናቡ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ይሁንና ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሰዓት ላይ ውሃው ጎደለና ሳጥኑ ፓምፑን አቆመ፤ ቀዩ በራ። ደሃቦ ጄኔሬተሩን አስጠፋችና ተንበረከከች። እኔ ሰዓቴን ይዤ አጠገቧ ቆምሁ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ስምንት አለፈ። ሰልፉ መንጫጫት ጀመረ። አንዲት ሴት ጀሪካኗን እያንኳኳች፣ ‹‹አንተ ሽማግሌ፣ ሳጥኑ ያንተ አይደለም ወይ? መቼ እንደሚመጣ ንገረን እንጂ!›› አለችኝ።

‹‹እኔ አላውቅም›› አልኋት። ‹‹እሷን ጠይቂ።››

ሴትዮዋ ዝም አለች። ሌሎቹም ዝም አሉ፤ ለደሃቦ የሚያስፈልጋትም ይኸው ነበር። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጄኔሬተሩን እንዲያስነሱ በእጇ ምልክት ሰጠችና ቁልፉን ተጫነች።

ውሃው መጣ።

መርሻ